በኬርሲ የድንጋይ አገር፦ ብስክሌት፣ ካብና ጎጆ

የመጀመሪያውን የድንጋይ ጎጆ ያገኘሁት ፈልጌው አይደለም፤ የኋላ ጎማዬ ስለተነፈሰ ነው። በግንቦት መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ብስክሌቴን ይዤ ከቱሉዝ በአካባቢ ባቡር ተነሣሁ፤ ፊዣክ ከተማ ወርጄ ከከተማዋ በላይ ያለውን ረጅም ዳገት ከጨረስሁ በኋላ ወደ ሊቬርኖን በሚወስደው ጠባብ የገጠር መንገድ ላይ ስሄድ፣ ባለእርሻዎች ቁጥቋጦ ሲከረክሙ የጣሉት እሾህ ከመነዳሪውን በሳው። ፀሐዩ ከረር ብሎ ስለነበር ጎማውን የምፈታበት ጥላ ዙሪያዬን ስፈልግ፣ ከመንገዱ ሠላሳ እርምጃ ያህል ገባ ብሎ፣ ከካቡ አጥር ጋር ተያይዞ የቆመ ክብ የድንጋይ ቁልል ታየኝ። ቀረብ ስል ቁልሉ በር አለው።

በሩ ከደረቴ አይበልጥም። ጎንበስ ብዬ ስገባ አንገቴን ሲያቃጥለኝ የነበረው ሙቀት በአንድ ጊዜ ቀረ። ውስጡ ሁለት እርምጃ ተኩል የሚሆን ክብ ነው፤ በስተቀኝ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ የድንጋይ መደብ አለ፤ ከመደቡ በላይ ደግሞ በግድግዳው ውስጥ ኩራዝ ወይም ቁራሽ ዳቦ ለማስቀመጥ የተተወች ትንሽ ጉርብ አለች። ወለሉ ላይ የደረቀ የበግ በጠጥና ባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ተበትኗል። ቀና ብዬ ሳይ ጣሪያ የምለው ነገር የለም። ግድግዳው ራሱ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ እየጠበበ ሄዶ፣ አናቱ ላይ አንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ክዳን ሆኖ ተደፍቶበታል። ጭቃ የለም፤ ኖራ የለም፤ አንዲት እንጨት እንኳ የለችም። ያደግሁት መንዝ ስለሆነ ካብ ለእኔ እንግዳ አይደለም፤ ነገር ግን በእኛ አገር ካብ ግድግዳ ሆኖ ያበቃና ከዚያ በላይ ያለውን ወራጅና ሣር ይረከበዋል። ካብ እስከ አናቱ ድረስ ራሱን ከድኖ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ጎማዬን እዚያው በሩ ላይ ተቀምጬ ለጠፍሁና፣ ለሦስት ቀን ያቀድሁት ጉዞ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የጎጆ ፍለጋ ሆነ።

አካባቢው ኬርሲ ይባላል፤ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ያለ ጥንታዊ አውራጃ ሲሆን ዛሬ ትልቁ ክፍሉ በሎት አስተዳደር ሥር ነው። የሎትና የሴሌ ወንዞች ጥልቅ ሸለቆ ቆርጠው የሚያልፉበት፣ ከሸለቆዎቹ በላይ ግን ሜዳማ የኖራ ድንጋይ አምባ የተዘረጋበት አገር ነው። አምባውን ሰዎቹ «ኮስ» ይሉታል። ኮስ ላይ ወንዝ አይሄድም፤ ዝናቡ እንደዘነበ በተሰነጣጠቀው ድንጋይ ሠርጎ ከመሬት በታች ባሉ ዋሻዎች ይሄዳል፤ ለዚህ ነው አገሩ ከላይ ደረቅ፣ ከሥር ግን ውኃ የሞላበት የሆነው። አፈሩ ስስ ነው። ባለ አጭር ግንድ ባሉጥ፣ የጥድ ቁጥቋጦና ደረቅ ሣር በቅሎበታል፤ በመካከሉ ደግሞ በሁለቱ ዓይኖቻቸው ዙሪያ ጥቁር ክብ ያለባቸው፣ መነጽር ያደረጉ የሚመስሉ ነጭ በጎች ይግጣሉ። ከ1999 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሰፊው ክፍል የኬርሲ ኮስ የተፈጥሮ ፓርክ ተብሎ ተከልሏል፤ ፓርክ ይባል እንጂ ሰው የሚኖርበት፣ የሚታረስበትና በግ የሚረባበት አገር ነው።

እንዲህ ያለ መሬት የሚያርስ ሰው የመጀመሪያ ጠላቱ ድንጋይ ነው። ማረሻው በነካ ቁጥር ድንጋይ ይወጣል፤ ዘንድሮ የተለቀመ እርሻ ለከርሞ ሌላ ድንጋይ ያበቅላል። የተለቀመው ድንጋይ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ርቆ እንዳይጣል ጋሪና በሬ ይጠይቃል፤ እርሻው ዳር እንዲሁ እንዳይከመር ደግሞ ከዚያችው ጠባብ መሬት ላይ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ በሥርዓት መካብ ነበረበት። ከፊሉ በጎች ሰብል ውስጥ እንዳይገቡ አጥር ሆነ፤ ከፊሉ «ካይሩ» የሚሉት፣ ጠርዙ የተስተካከለ ግዙፍ ቁልል ሆነ፤ ከፊሉም ቤት ሆነ። በመንገዴ ካየኋቸው ጎጆዎች ብዙዎቹ ለብቻቸው የቆሙ አልነበሩም፤ በአጥር ውፍረት ውስጥ ወይም በካይሩ ሆድ ውስጥ የተሠሩ ናቸው። በመጀመሪያ ቀን ጎጆውን እንደ ሕንፃ፣ ቁልሉን እንደ ትርፍ ነበር የማየው። በሁለተኛው ቀን ነገሩ ተገለበጠብኝ፤ ዋናው ሥራ ድንጋዩን ከእርሻ ማስወገድ ነበር፤ ጎጆው በቁልሉ ውስጥ ለሰው የተተወ ባዶ ቦታ ነው። ድንጋዩ መከመሩ ካልቀረ፣ ዝናብ የሚያስጠልል ክፍል ትቶ መከመር ተጨማሪ ዋጋው የእጅ ጥበብ ብቻ ነበር።

ጥበቡን ለማየት ከአንዱ ጎጆ ውስጥ በጀርባዬ ተኝቼ ሩብ ሰዓት ያህል ወደ ላይ ስመለከት ቆይቻለሁ። ግድግዳው እስከ ትከሻ ከፍታ ድረስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የጠፍጣፋ ድንጋይ ረድፍ ከሥሩ ካለው ረድፍ ጥቂት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገፋ ብሎ ይቀመጣል፤ ነገር ግን ከድንጋዩ ርዝመት የሚበልጠው ክፍል ወደ ኋላ፣ በግድግዳው ውፍረት ውስጥ ስለሚቀር፣ በላዩም ሌላ ድንጋይ ስለሚጫነው፣ ወደ ውስጥ ሊወድቅ አይችልም። ረድፉ ክብ በመሆኑም ድንጋዮቹ ጎን ለጎን ይደጋገፋሉ፤ አንዱ ወደ መካከል ልንሸራተት ቢል ጎረቤቶቹ በሁለት በኩል ጨብጠው ያስቀሩታል። እያንዳንዱ ድንጋይ ወደ ውጭ በጥቂቱ ዘመም ብሎ ስለተቀመጠ፣ በስንጥቁ የገባ የዝናብ ውኃ ወደ ውስጥ ሳይሆን ተመልሶ ወደ ውጭ ይንጠባጠባል። ክቡ እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ በመጨረሻ አንድ ድንጋይ ሊሸፍነው የሚችል ቀዳዳ ብቻ ሲቀር፣ ያ የመጨረሻው ድንጋይ ይደፋበታል። ከዚህ ሁሉ አደገኛው ቦታ በሩ ነው፤ ክቡ የሚቋረጠው እዚያ ነውና። ስለዚህ በሁለቱ መቃኖች ላይ የሚጋደመው ጉበን በጎጆው ካሉት ድንጋዮች ሁሉ ረጅሙና ወፍራሙ ሆኖ ተመርጧል።

በዚያው ምሽት ከማደሪያዬ ሆኜ ፎቶዎቹን በቴሌግራም ለታናሽ ወንድሜ ላክሁለትና ስልኩን ለአባታችን እንዲያሳይ ለመንሁት። አባቴ ዕድሜውን ሁሉ ካብ ሲክብ የኖረ ገበሬ ነው፤ አሁን ዓይኑ ስለደከመ ፎቶው መስፋት ነበረበት። ጥቂት ቆይቶ ደወለ።

«እንጨት የለውም?» አለኝ፤ ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳንጨርስ።

«የለውም፣ አባዬ። እንደሚያዩት ድንጋይ ብቻ ነው።»

«አይቼዋለሁ። ድንጋዩን ወደ ደጅ ነው ያዘመሙት፤ ዝናብ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ብቻ ይህን የሠራ ሰው በሬ ሳይኖረው አይቀርም፤ ያን ጉበን ሁለት ሰው አያነሣውም።» ቀጥሎም ውስጡ ጭስ የጠጣ እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔ ያን አላስተዋልሁም ነበር። በማግስቱ በገባሁበት ጎጆ ውስጥ የስልኬን መብራት አብርቼ ስፈልግ፣ ከክዳኑ ሥር ያሉት ሦስት አራት ረድፎች በጥቀርሻ ጠቁረው አገኘኋቸው። አንድ ሰው እዚህ ውስጥ እሳት አንድዶ ተቀምጦ ነበር።

መቼ ነበር የሚለው ጥያቄ ብዙ ሰው ያሳስታል። ከተጓዦች የሰማሁት የተለመደ አነጋገር ጎጆዎቹ «ከታሪክ በፊት የነበሩ» ናቸው የሚል ነው፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ቅርጻቸውን ባየሁ ጊዜ መጀመሪያ ያሰብሁት ይህንኑ ነበር። ለስሕተቱ ምክንያት አያጣም፤ በዚሁ ኮስ ላይ የእውነት ጥንታዊ የሆኑ የድንጋይ መቃብሮች በየሜዳው አሉ። ሊቬርኖን አጠገብ ያለው ፒየር ማርቲን የሚባለው መቃብር ወደ 7 ሜትር የሚረዝም አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ የተሸከመ ሲሆን ዕድሜው በሺህ ዓመታት ይቆጠራል። ጎጆዎቹ ግን ከእርሱ ጋር ዝምድና የላቸውም። አሁን ቆመው የምናያቸው በአብዛኛው በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን የተሠሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ጉበናቸው ላይ ዓመተ ምሕረት ተቀርጾባቸዋል። በዚያ ዘመን የገጠሩ ሕዝብ በዝቶ ነበር፤ ከፈረንሳይ አብዮት በኋላም ብዙ መሬት እጅ ተለዋወጠ፤ ቀድሞ ለግጦሽ ብቻ የሚሆን ጠፍ መሬት ሳይቀር ድንጋዩ ተለቅሞ ወይን ይተከልበት፣ እህል ይዘራበት ጀመር። ከቤቱ አንድ ሰዓት ርቆ እርሻ የተመራ ሰው ዝናብ ሲመጣ የሚጠለልበት፣ መሣሪያውን የሚያስቀምጥበት፣ ወይኑ ሲበስል ሌባ የሚጠብቅበት ቤት ያስፈልገው ነበር። በእኛ አገር ለዚህ ማማ ይሠራል፤ እነርሱ የነበራቸው ድንጋይ ነው።

ስሙም እንደየአገሩ ይለያያል። በኬርሲ ለብቻው የቆመው «ካዜል»፣ በአጥር ውስጥ የተሠራው ትንሹ ደግሞ «ጋሪዮት» ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሆኖም አንዱን ጎጆ ሁለት ጎረቤታሞች በሁለት ስም ሲጠሩትም አጋጥሞኛል። በላንግዶክ «ካፒቴል» ነው፤ በቡርጎኝ የወይን አገር «ካዶል» ነው፤ በፕሮቫንስ ደግሞ «ቦሪ» ይባላል። በዓለም የታወቀው የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም ጎርድ ከተማ አጠገብ አንድ ሙሉ የቦሪዎች መንደር ታድሶ፣ በ1977 የታሪክ ቅርስ ተብሎ ተመዝግቦ፣ በቲኬት ይጎበኛል። ቆንጆ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት አይቼዋለሁ። ግን በኬርሲ ያለ ቲኬት፣ ያለ ምልክትና ያለ አጥር፣ በበግ በጠጥ መካከል ያገኘሁትን አንዱን ጋሪዮት ከዚያ መንደር ሁሉ አስበልጣለሁ።

ብስክሌት ለዚህ ፍለጋ የተመቸ ነው የምለው ለስፖርቱ ብዬ አይደለም። በመኪና ሲኬድ የካቡ አጥር አንድ ረጅም ግራጫ መስመር ሆኖ ያልፋል፤ በውስጡ ያለው ጋሪዮት አይለይም። በእግር የሚሄድ ሰው ደግሞ ሁሉን ያያል፤ ነገር ግን በቀን የሚሸፍነው አገር ጥቂት ነው። በሰዓት 12 ወይም 13 ኪሎ ሜትር ስሄድ፣ ቁመቴም ከአጥሩ በላይ ስለሆነ፣ የአጥሩ ራስ በድንገት ጎበጥ የሚልበትን ቦታ ከሩቅ መለየት ተማርሁ። ጎባጣው ጎጆ ነው፤ ወይም ካይሩ ነው፤ ካልሆነም የፈረሰ አጥር ነው። ከሦስቱ አንዱ ይሆናል እያልሁ ብስክሌቱን አስደግፌ ስገባ ስወጣ፣ በሦስት ቀን ውስጥ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄጄ 41 ጎጆ ቆጥሬአለሁ። ወደ ፊት ባለው የማርሽ ለውጥ ላይ ካቴናው በዳገት እየወለቀ ስላስቸገረኝ እንጂ ከዚህም በላይ እቆጥር ነበር።

ፊዣክን እንዲሁ ዝም ብዬ አላልፋትም። ሻምፖሊዮን በ1790 የተወለደው እዚህች ከተማ ነው፤ በ1822 የግብፅን ጥንታዊ ጽሕፈት ምሥጢር የፈታው ሰው ነው። በትውልድ ቤቱ አጠገብ ባለች ትንሽ አደባባይ መሬት ላይ፣ ምሥጢሩን ለመፍታት የረዳው የሮዜታው ድንጋይ ጽሑፍ በትልቅ ጥቁር ድንጋይ ተቀርጾ ተነጥፏል፤ ሰው ፊደል ላይ ይራመዳል። ሻምፖሊዮን በወጣትነቱ ከተማራቸው የምሥራቅ ቋንቋዎች መካከል ግዕዝ እንደሚገኝበት ስለማውቅ፣ ጠዋት ብስክሌቴን እየገፋሁ በዚያ ሳልፍ የአገሬን ሰው ቤት እንዳየሁ ያህል ደስ አለኝ። ከዚያ ወደ ዳገቱ።

በሁለተኛው ቀን ከሊቬርኖን ወደ ሴሌ ሸለቆ ወርጄ ኤስፓኛክ የምትባለውን መንደር አለፍሁና፣ በሌላው ወገን ወደ ግሬአሉ የሚወስደውን ዳገት ወጣሁ። ስሕተቴ ከሸለቆው ሳልወጣ ውኃ አለመቅዳቴ ነው። ኮስ ላይ ምንጭ የለም፤ ሰዎቹ ራሳቸው ለዘመናት የኖሩት የዝናብ ውኃ በጉድጓድ እያጠራቀሙ ነው። እኩለ ቀን ላይ ሁለቱም ኮዳዎቼ ደረቁ። ያለፍሁባት መንደር ቡና ቤቷ ተዘግቷል፤ ሰውም በምሳ ሰዓት በሩን ዘግቶ ተቀምጧል። በዚህ ጊዜ አንድ የቆየ ብስክሌተኛ የሥራ ባልደረባዬ የነገረኝ ትዝ አለኝ፤ «በፈረንሳይ ገጠር ውኃ ካጣህ መቃብር ቦታ ፈልግ» ብሎኝ ነበር። በየመቃብር ቦታው ለአበባ ማጠጫ ቧንቧ አለ። ቧንቧው አጠገብ «የማይጠጣ ውኃ» የሚል ጽሑፍ አለመኖሩን አረጋግጬ፣ ለማላውቃቸው ሙታን አንገቴን ዝቅ አድርጌ፣ ሁለቱንም ኮዳ ሞላሁ።

ግሬአሉ አካባቢ የምትሄደው መንገድ ወደ ስፔኑ ሳንቲያጎ የሚሄዱ ምእመናን የሚያልፉባት ጥንታዊት የመንፈሳዊ ጉዞ መንገድ ናት፤ በ1998 የፈረንሳይ ክፍሏ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጀርባቸው ላይ ሻንጣ ያዘሉ ተጓዦች በዚያች ሙቀት ጎጆ ሥር ተቀምጠው ጫማቸውን አውልቀው አገኘኋቸው። ካዜሉ የእረኛ መሆኑ ቀርቶ የተሳላሚ ማረፊያ ሆኗል። ከእነርሱ ጥቂት እልፍ ብሎ አንድ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሰው ከአጥራቸው የወደቀ ድንጋይ ሲመልሱ አገኘኋቸውና፣ ብስክሌቴን አቁሜ ሰላምታ ሰጥቼ ሥራቸውን ቆሜ ተመለከትሁ። ድንጋዩን አንሥተው በእጃቸው ያገላብጡታል፤ ያስቀምጡታል፤ ቢነቃነቅ አይጠርቡትም፤ ሌላ ፊቱን ይሞክራሉ፤ አሁንም ቢነቃነቅ ከኋላ በኩል ትንሽ ሽብልቅ ድንጋይ ይሰኩበታል። «ጌታዬ፣ መዶሻ አይጠቀሙም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እጅ ያነሣውን ድንጋይ ሳያስቀምጡ መጣል የለም፤ ቦታ አለው፤ ካላገኘሁለት ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉኝ። ይህን በአማርኛ የሰማሁት ያህል ነበር፤ አባቴም ከልጅነቴ ጀምሮ ያነሣሁትን ድንጋይ መልሼ ስጥል ይቆጣኝ ነበርና።

ሰውዬው አያታቸው ወይን ይተክሉበት የነበረውን ቦታ በእጃቸው አሳዩኝ፤ አሁን ደን ነው። የኬርሲ ታሪክ በዚያች የእጅ ምልክት ውስጥ አለ። ፊሎክሴራ የተባለችው፣ ከአሜሪካ የመጣች የወይን ሥር የምትበላ ተባይ በ1870ዎቹ ወደዚህ ደርሳ የወይን ተክሉን ጨረሰችው። ደጋው ላይ የነበረው ወይን አብዛኛው እንደገና አልተተከለም። ወጣቱ ወደ ከተማ ተሰደደ፤ ከዚያም የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የቀረውን ወሰደ። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የሎት ሕዝብ 300 ሺህ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ዛሬ 175 ሺህ ገደማ ነው። ባዶ በቀረው እርሻ ላይ ባሉጡ ተመልሶ በቀለበት። በጫካ መካከል፣ ማንም በማያርስበት ቦታ፣ ቀጥ ያለ የካብ አጥርና ጎጆ ያገኘ ሰው የሚያየው የጥንት ምሥጢር ሳይሆን የአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት እርሻ ነው።

ሙያው ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። በ2018 ዩኔስኮ ያለ ጭቃ ድንጋይ የመካብን ጥበብ በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ፈረንሳይ ከክሮኤሽያ፣ ከቆጵሮስ፣ ከግሪክ፣ ከጣሊያን፣ ከስሎቬኒያ፣ ከስፔንና ከስዊዘርላንድ ጋር በአንድነት ነበር ያቀረበችው። የእኛ የኮንሶ እርከንና የድንጋይ ቅጥር ያላቸው መንደሮች ከዚያ ሰባት ዓመት ቀድመው፣ በ2011 በዓለም ቅርስነት መመዝገባቸውን ሳስታውስ፣ ኩራት ቢጤ እንደተሰማኝ አልደብቅም። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፤ ኮንሶ ላይ ካቡ ዛሬም እህል ያበቅላል፤ ካቡን የሚጠግነው ሰው የሚበላው ከእርሱ ነው። ኬርሲ ላይ የሚጠግኑት ጡረተኞችና የመንደር ማኅበራት ናቸው።

ለመሄድ ለምታስቡ ጥቂት ልጨምር። ጎጆዎቹ ያሉት በአብዛኛው በሰው መሬት ላይ ነው፤ በር ያለው አጥር ካለ ባለቤቱን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የተከፈተ በር ክፍት፣ የተዘጋ በር ዝግ ሆኖ መተው አለበት። ጣሪያቸው ላይ መውጣት ፈጽሞ አይገባም። ከመስከረም እስከ የካቲት የአደን ወቅት ስለሆነ ደማቅ ቀለም ያለው ልብስ ያስፈልጋል። በ1 ለ25 ሺህ መጠን የተነሣው የመንግሥት ካርታ ከስልክ ካርታ ይሻላል፤ ቀጫጭኖቹን የእርሻ መንገዶች ሁሉ ያሳያልና። ስፔር ከመነዳሪ ሁለት ያዙ፤ አንድ አይበቃም።

በመጨረሻው ቀን ከካዣርክ ወደ ሊሞኝ ወጥቼ፣ ባሽን አልፌ፣ በክረምት ማክሰኞ ማክሰኞ በሚቆመው የጥቁር ትራፍል (ከመሬት በታች የሚበቅል እንጉዳይ) ገበያ ወደምትታወቀው ላልቤንክ ስቃረብ፣ ከመንገዱ ዳር ግማሹ የተናደ ጎጆ አገኘሁ። ከቆሙት አርባ ጎጆዎች የተማርሁትን ያህል ከዚህ ከአንዱ ተማርሁ፤ ግድግዳው እንደ ዳቦ ተቆርጦ ሆዱ ይታያል። የውስጡና የውጩ ፊት የተመረጠ ድንጋይ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ጠጠርና ስባሪ እንዲሁ የተደፋ ሳይሆን አንድ በአንድ የተወተፈ ነው። የኋላው ግማሽ እስከ አናቱ ድረስ ቆሟል፤ በሩ የነበረበት የፊቱ ግማሽ ወርዶ ክምር ሆኗል። ዝናብና የባሉጥ ሥር ያፈረሱት መስሎኝ ፎቶውን ላክሁና፣ ባቡሬ ከካኦር የሚነሣበት ሰዓት ስለደረሰ መንገድ ጀመርሁ። ሦስት ኪሎ ሜትር ሳልሄድ ስልኩ ጮኸ።

«ልጄ፣ ያ የፈረሰው» አለ አባቴ፤ «ከኋላ በኩል አንድ ድንጋይ አልተነቃነቀም። እንዲህ ያለ ካብ በዝናብ ከሆነ የሚፈርሰው ከአናቱ ነው፤ ይህ ከበሩ ነው የጀመረው። እስቲ ከክምሩ ውስጥ ጉበኑን ፈልገው።»

ባቡሩ ቀጣይ አለው ብዬ ተመለስሁ። በክምሩ ዙሪያ ሁለት ጊዜ ዞርሁ፤ የወደቁትን አንዳንዶቹን እያነሣሁ መልሼ በቦታቸው አስቀመጥሁ። መቃኖቹ ሁለቱም አሉ፤ አንዱ እንደቆመ ነው፤ ሌላው ተጋድሟል። የአናቱ ክዳን ለሁለት ተሰብሮ ከሥር ተገኘ። ከዚያ ሁሉ ድንጋይ መካከል በሁለቱ መቃኖች ላይ ሊጋደም የሚችል ርዝመት ያለው አንድም አልነበረም። ከመንገዱ እስከ በሩ ድረስ ግን የሣሩ ሥር ተገልብጦ፣ ከባድ ነገር የተጎተተበት ሰፊ መስመር ይታያል።